አስተዳዳሪው ማን ነው?

አባቴ ባረፈ በሁለተኛው ወር እናቴን ይዤ ስለ ጡረታ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። በሚሞላው ቅጽ ላይ «የቤተሰቡ አስተዳዳሪ» የሚል መስመር አለ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች «አስተዳዳሪው ማን ነው?» ስትል ጠየቀች። እናቴ አልዘገየችም፤ «እኔ ነኝ» አለች። ቀጥሎ የአባቴ የግል ማኅደር ተፈለገ፤ አልተገኘም። «ማኔጅመንቱ ሳይወስን ምንም ማድረግ አንችልም» ተባልን። ማኔጅመንቱ ስብሰባ ላይ ነበር። በሳምንቱም ስንመለስ ስብሰባ ላይ ነበር። ወደ ቤት ስንጓዝ እናቴ «ይህ ማኔጅመንት የሚሉት ሰውዬ ስሙ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። ዛሬ ግን ጥያቄው ይከብደኛል።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጠን እንያቸው።

«ማኔጅመንት» ወደ እኛ የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ከጣሊያንኛው «ማኔጃሬ» ወሰደው፤ የዚህም ሥር «ማኑስ» የተባለው የላቲን ቃል ነው፤ እጅ ማለት ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ያገለገለው ፈረስ ለመግራት ነበር፤ ልጓሙን በእጅ ይዞ እንስሳውን ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ማዞር። ፍሬደሪክ ቴይለር በ1911 እ.ኤ.አ. ስለ ሳይንሳዊ ማኔጅመንት መርሆች የጻፈውን መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ያ የፈረስ ቃል የሠራተኛን እንቅስቃሴ በሰዓት የሚለካ የሙያ ስም ሆኖ ነበር።

የእኛው «አስተዳደር» ግን የተወለደው ከቤት ውስጥ ነው። ሥሩ «አደረ» ነው፤ በግዕዙ «ኀደረ»። «በምን ትተዳደራለህ?» ብለን ስንጠይቅ ምን ሠርተህ፣ ምን በልተህ ታድራለህ ማለታችን ነው። «ቤተሰብ ያስተዳድራል» የተባለ ሰው ሥራው ማዘዝ ብቻ አይደለም፤ በሥሩ ያሉትን አብልቶና አልብሶ ያሳድራል። «መተዳደሪያ» የሚለውንም ቃል ልብ በሉ። እንጀራ የሚገኝበት ሥራ መተዳደሪያ ነው፤ የዕድሩ ደንብም መተዳደሪያ ነው። ሕጉና እንጀራው በአንድ ስም ይጠራሉ። «ማኅደር»ም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። የዳዊት ማኅደር ዳዊቱ የሚያድርበት የቆዳ ቤት ነው። የሠራተኛ ማኅደርም የአንድ ሰው የአገልግሎት ዘመን የሚያድርበት ቤት ነው። የአባቴ ማኅደር ሲጠፋ የሠላሳ ዓመት ድካሙ ማደሪያ አጣ።

እንግዲህ ባዕድ ቃል ይውጣልን ማለቴ አይደለም። ማቀድ፣ በጀት መመደብ፣ ሥራን ማከፋፈል የታወቀ ሙያ ነው፤ ዕድራችንም ቢሆን ያለ ገንዘብ ያዥ አይቆምም። የራሳችን ቃልም ንጹሕ ነው አልልም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ አውራጃውም ወረዳውም አስተዳዳሪ ነበራቸው። ሹመቱ ነበረ፤ ማሳደሩ ግን አልነበረም። ዛሬ «መልካም አስተዳደር» እያልን የምንጠራው ነገርም የሚነግረን ይህንኑ ነው። ማር ሁሉ ጣፋጭ ከሆነ «ጣፋጭ ማር» ማለት ምን ያስፈልጋል? ቃሉ በውስጡ የነበረውን መልካምነት ስላጣ ከውጭ ቅጽል ለጠፍንለት።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። «ማኔጅመንቱ ወሰነ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የወሰነ ሰው የለም። አስተዳዳሪ ሰው ነው፤ ስም አለው፤ ደጁ ይጠናል፤ «ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። ማኔጅመንቱን ግን ማን ደጅ ይጠናዋል? ጸሐፊዋ ወደ ላይ ትጠቁማለች፤ ከላይ ያለውም ወደ ስብሰባው ይጠቁማል። ቃሉ ከእጅ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ እጁም ጠፋ። የተረፈው መጋረጃ ነው፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ የተቀመጡትም ሳይጠየቁ ያድራሉ።

በሰባተኛው ምልልሳችን የመዝገብ ቤቱ አንድ አዛውንት «ቆዩኝ እስቲ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። የምሳ ሰዓታቸውን ሠውተው መደርደሪያውን አንድ በአንድ ፈተሹ፤ የአባቴንም ወረቀቶች ከሌላ ሰው ማኅደር ውስጥ ተቀላቅለው አገኟቸው። እናቴ ስማቸውን ጠየቀች፤ ነገሯት። እስከ ዛሬ በጸሎቷ ታነሣቸዋለች። እኚህ ሰው የማኔጅመንቱ አባል አልነበሩም። በዚያ ትልቅ ሕንጻ ውስጥ ያስተዳደሩን ግን እርሳቸው ናቸው።

እስከዚያ ድረስ በነበሩት ወራት እናቴ እንጀራ እየጋገረች፣ ለጎረቤት እየሸጠች አራት ልጆች አሳደረች። በቅጹ መስመር ላይ «እኔ ነኝ» ያለችው እውነቷን ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከእንግዲህ በአንድ ደጅ ቆመህ «ማኔጅመንቱ ይወስናል» ብትባል በትሕትና የእናቴን ጥያቄ ጠይቅልኝ፤ «ስማቸው ማን ይባላል?» አንተም በሥርህ ሰው ካለ፣ ቢሮህን ቆልፈህ ከመውጣትህ በፊት ራስህን ጠይቅ፤ ዛሬ በእኔ ምክንያት ማን ደኅና ያድራል? ማንስ ሳያድርለት ይቀራል?

ደኅና እደሩ።