ፋሺስቶችን ከመንግሥት ሥራ ማስወገድ፦ በሞስኮ የተጻፈውና በሮም የተፈጸመው

የበሽር አል-አሳድ አገዛዝ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2024 ከተገረሰሰ ወዲህ አንድ የቆየ ጥያቄ በአካባቢያችን እንደገና ተነሥቷል። የወደቀውን ሥርዓት ያገለገሉ ዳኞች፣ መምህራን፣ የፖሊስ መኮንኖችና የመዝገብ ቤት ጸሐፊዎች ምን ይደረጉ? ሁሉም ቢሰናበቱ አስተዳደሩ ባዶ ይቀራል፤ ሁሉም ቢቆዩ ደግሞ ለውጡ የስም ብቻ ይሆናል። ይኸው ጥያቄ ከ80 ዓመታት በፊት በኢጣልያ ጉዳይ ላይ የታላላቆቹን መንግሥታት ዲፕሎማቶች አወዛግቦ ነበር። ታሪኩ ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚነካ በመሆኑ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ሰባቱ ነጥቦች

በኦክቶበር 1943 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ኮርዴል ሃል፣ የብሪታንያው አንቶኒ ኢደንና የሶቪየት ኅብረቱ ቪያቼስላቭ ሞሎቶቭ በሞስኮ ተገናኙ። ከስብሰባው ከወጡት ሰነዶች አንዱ ኢጣልያን የሚመለከት ሰባት ነጥቦች ያሉት መግለጫ ነበር። መግለጫው ፋሺስቶችና የፋሺስት ደጋፊዎች ከአስተዳደርና ሕዝባዊ ጠባይ ካላቸው ተቋማት ሁሉ እንዲወገዱ፣ በጦር ወንጀል የሚታወቁ ወይም የሚጠረጠሩ የፋሺስት አለቆችና ጄኔራሎችም ተይዘው ለፍርድ እንዲሰጡ ያዝዛል።

ይሁንና በሰነዱ ውስጥ አንድ ማሰሪያ ነበር። ውጊያው በኢጣልያ ምድር እስከቀጠለ ድረስ መርሆዎቹ በሙሉ የሚፈጸሙበትን ጊዜ የሚወስነው የተባባሪ ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው ይላል። በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር የፖለቲካው ጉዳይ ከጦርነቱ ፍላጎት በታች ዋለ። ቀጥሎ የመጣውን መዘግየት ለመረዳት ይህን ማሰሪያ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ማን ማንን ያጥራ?

ሙሶሊኒ በጁላይ 25 ቀን 1943 ሲወድቅ ንጉሥ ቪክቶር አማኑኤል ሦስተኛ በምትኩ የሾሙት ማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮን ነበር። ባዶሊዮ በኢትዮጵያ ላይ የዘመተውን ጦር የመራ፣ የመርዝ ጋዝ በተጣለበት ዘመቻ አዛዥ የነበረ፣ በሜይ 1936 አዲስ አበባ ገብቶ «የአዲስ አበባ መስፍን» የሚል ማዕረግ የተቀበለ ሰው ነው። በሴፕቴምበር 1943 ማልታ ላይ የተፈረመው ረጅሙ የእጅ መስጠት ውል የፋሺስት ድርጅቶችን እንዲያፈርስና የፋሺስት ሠራተኞችን ስለ ማሰናበት የሚሰጡትን መመሪያዎች እንዲፈጽም የሚያስገድደው ይህንኑ የባዶሊዮን መንግሥት ነበር። የማጥራቱ ሥራ መጀመሪያ ሊነካው ለሚገባው ሰው በአደራ ተሰጠ ማለት ነው።

ችግሩ ግን ከላይ ብቻ አልነበረም። በሲሲሊ የሰፈረው የተባባሪ ኃይሎች ወታደራዊ አስተዳደር ባለሥልጣናቱን በመጠይቅ ቅጽ እየመረመረ ማሰናበት ሲጀምር ማን እውነተኛ ፋሺስት እንደሆነ መለየት አዳጋች ሆነበት። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ያለ ፓርቲ መታወቂያ የመንግሥት ሥራ ማግኘት አስቸጋሪ ነበርና። ኢጣልያውያን የፓርቲውን ምኅጻረ ቃል «ለቤተሰብ ችግር ሲባል» ብለው በቀልድ ይፈቱት የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። መታወቂያው ለአንዱ የእምነት፣ ለሌላው የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

የተባባሪዎቹ መከፋፈል

ሦስቱ መንግሥታት አንድ ወረቀት ፈርመው ሦስት መንገድ ሄዱ። ቸርችል የእጅ መስጠቱን ውል የፈረሙትን ንጉሡንና ባዶሊዮን ለማቆየት ፈለጉ፤ ሥርዓት አልባነትንና የኮሙኒስቶችን መጠናከር ይፈሩ ነበር። በዋሺንግተን በኩል ከፋሺዝም ጋር ያልተነካኩ ሰዎች እንዲሾሙ ግፊቱ ይበረታ ነበር። በሞስኮ ላይ የማጥራቱን ነጥብ አጥብቃ የያዘችው ሶቪየት ኅብረት ደግሞ በማርች 1944 ከባዶሊዮ መንግሥት ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት በመመሥረት ሌሎቹን አስደነገጠች።

ሮም በጁን 1944 ነጻ ስትወጣ ባዶሊዮ ለኢቫኖይ ቦኖሚ ቦታውን ለቀቀ፤ ቸርችል በዚህ አልተደሰቱም። በጁላይ 27 የወጣው ድንጋጌ በፋሺስት ወንጀሎች ላይ ቅጣትን፣ በመንግሥት ሠራተኞች ላይም ማጥራትን ደነገገ። በዋና ኮሚሽነርነት የተሾሙት ካውንት ካርሎ ስፎርዛ ነበሩ፤ የመሥሪያ ቤቶቹን ማጥራት የመራው ኮሙኒስቱ ማውሮ ስኮቺማሮ ነው። ጥብቅነቱ በመንግሥቱ ውስጥ ጠብ ቀሰቀሰ፤ በኖቬምበርም ካቢኔው ፈረሰ። ብሪታንያ ስፎርዛ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንዳይሆኑ ስትቃወም አሜሪካ በዲሴምበር 5 የመንግሥት አመሠራረት የኢጣልያውያን ጉዳይ ነው የሚል መግለጫ አወጣች። የተባባሪዎቹ ልዩነት አደባባይ ወጣ።

ውጤቱ ምን ሆነ?

በጁን 1946 የፍትሕ ሚኒስትሩ ፓልሚሮ ቶሊያቲ ያወጡት የምሕረት ዐዋጅ የብዙዎችን መዝገብ ዘጋ። ከሁሉ የሚያስገርመው የጌታኖ አዛሪቲ ታሪክ ነው። የፋሺስቱ ዘመን የዘር ጉዳይ ችሎት ፕሬዚዳንት የነበረው ይህ ዳኛ በባዶሊዮ መንግሥት የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1957 ደግሞ የሪፐብሊኩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እንዲሉ፣ ከታች የተጀመረ ማጥራት አናቱን ሳይነካ አለፈ።

ከጠረጴዛው ውጭ የቀረችው

የሞስኮው ስብሰባ ለኢጣልያ ጉዳይ አማካሪ ምክር ቤት ሲያቋቁም፣ በፋሺስት ወረራ ስለተጎዱ ግሪክና ዩጎዝላቪያ ወደፊት እንዲወከሉ ወስኗል። ከሁለቱም በፊት የተወረረችው ኢትዮጵያ ስሟ አልተነሣም። ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽንም ባቀረበችው ጥያቄ ላይ፣ ወረራው ከዓለም ጦርነቱ በፊት የተፈጸመ ነው የሚል መከራከሪያ ተደቀነባት። በ1948 ባዶሊዮና ግራዚያኒ የሚገኙባቸውን የ10 ሰዎች ስም ለኮሚሽኑ ብታቀርብም አንዳቸውም ለኢትዮጵያ ተላልፈው አልተሰጡም። ግራዚያኒ በ1950 የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ስለተጀመረው የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ወይም ስለ ደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አልነበረም፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈታ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ለዛሬ የሚቀረው ቁም ነገር

ቃላቱ ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። ኢጣልያውያን ሥራውን «ኤፑራዚዮኔ»፣ ማጥራት፣ አሉት። በኢራቅ የባዝ ፓርቲ ጉዳይ በዐረብኛ የተለመደው ቃል «ኢጅቲሳስ» ሲሆን ትርጉሙ ከሥር ነቅሎ መጣል ነው። በሜይ 2003 የወጣው የጊዜያዊ አስተዳደሩ የመጀመሪያው ትእዛዝ በፓርቲው አራት ከፍተኛ እርከኖች የነበሩትን ሁሉ ማዕረጋቸውን ብቻ አይቶ አሰናበተ፤ ብዙ መምህራንም ከሥራ ወጡ። ኢጣልያ እጅግ በመላላት፣ ኢራቅ እጅግ በመጥበቅ የተሳሳቱ ይመስላል። የሁለቱ ስሕተት ግን ሥሩ ተመሳሳይ ነው፦ በሁለቱም ቦታ የሰውየው ሥራ በአግባቡ አልተመዘነም።

ስለዚህ ዛሬ በደማስቆም ሆነ በሌላ ስፍራ ይህን ሸክም የተሸከሙ ወገኖች ከኢጣልያ ሦስት ነገር ሊማሩ ይችላሉ። መመዘኛው መታወቂያ ሳይሆን ድርጊት ይሁን። ምርመራው ከትእዛዝ ሰጪዎች ይጀምር እንጂ ከመዝገብ ቤት ጸሐፊ አይጀምር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተበደለው ወገን በጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር ይኑረው፤ ኢትዮጵያ በ1943 ያጣችው ይህንኑ ወንበር ነበርና።