የፎቁ ዋጋ ወረደ ቢባል ለጂንካ መምህር ምን ይተርፈዋል?



በ2017 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ከፍቶ የነበረ ሰው ማስታወቂያውን ሳያስታውስ አይቀርም። «መሃል ከተማ፣ አዲስ የተሠራ፣ በልዩ ቅናሽ!» ከአዲስ አበባ የሚመለሰው ነጋዴም ሹፌሩም «የአፓርታማ ዋጋ እየወረደ ነው» እያለ ያወራል። ወሬው እውነት ቢሆን ደስ ባለን ነበር። ግን ዋጋው የወረደው ለማን ነው?

ነገሩን በቁጥር እንየው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ወራት ሳይቆይም 120ን ተሻገረ። ለምሳሌ 10 ሚሊዮን ብር የተባለ አንድ አፓርታማ በፊተኛው ምንዛሪ ከ175 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። አንድ ዶላር 125 ብር ሲገባ ያው ቤት 80 ሺህ ዶላር ሆነ። ባለፎቁ አንዲት ብር ሳይቀንስ ዶላር ለያዘ ሰው ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደለት ማለት ነው። (እርግጥ ዶላሩን በጥቁር ገበያ ይመነዝር ለነበረ ሰው አንዱ ዶላር ቀድሞም ከ100 ብር በላይ ስለነበረ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።)

አሁን ብሩን ይዘን ጂንካ እንውረድ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ አዲስ የተቀጠረ ባለ ዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ 11,500 ብር ያገኛል፤ ያውም ግብሩና ጡረታው ሳይቆረጥ። ይህ መምህር ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ለእናቱ ሳይልክ ደመወዙን በሙሉ ቢያጠራቅም ያንን 10 ሚሊዮን ብር ለመሙላት 72 ዓመት ይፈጅበታል። «በግማሽ ቅናሽ» ቢሉትስ? 36 ዓመት። እንግዲህ ቅናሽ የተባለው ይኸ ነው።

ለመሆኑ ፎቁ ለምን ገዢ አጣ? ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ገደቡ በኋላ ላላ ቢልም ገንቢውም ገዢውም በዚያው ሰሞን እጁ አጠረው። ዋናው ምክንያት ግን ከዚያ የቆየ ነው። የብር አቅም በየዓመቱ ሲሟሽሽ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ሲሚንቶ ውስጥ ደበቀው። ቤቱ ለመኖሪያ ሳይሆን ለገንዘብ ማቆያ ተሠራ። ገንዘብ የሚያስቀምጡት ሰዎች ሲያልቁ ደግሞ መኖሪያ የሚፈልገው ሕዝብ ዋጋውን አይደርስበትም። መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው ሕግ የውጭ ዜጎች ቢያንስ በ150 ሺህ ዶላር ቤት እንዲይዙ በር ከፈተ። የሀገሩን ሰው አቅም ከማሳደግ ይልቅ ገዢ ከባሕር ማዶ መጥራት ቀለለው።

«ይህ የአዲስ አበባ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የሚያገባን አዲስ አበባ የተሞከረ ነገር ሁሉ ዘግይቶ ወደ ክልል ከተሞች ስለሚወርድ ነው። ኮንዶሚኒየምን እናስታውስ። በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። ያኔ የአንዲት ስቱዲዮ ዋጋ ከ20 ሺህ ብር በታች ነበር። ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች ተዛመተ። በ2002 ዓ.ም. ግን ከአዲስ አበባ በስተቀር በየቦታው ቆመ። ምክንያቱን ዩኤን ሐቢታት በጥናቱ አስፍሮታል፦ ፈላጊ ጠፋ፣ የመክፈል አቅም ጠፋ፣ አኗኗሩም ከሕዝቡ ልማድ ጋር አልገጠመም። ሰው ቤት ጠልቶ አይደለም። ፎቁ ሲታቀድ የሚኖርበትን ሰው የጠየቀው አልነበረም።

የጂንካ ሰው ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት እፈልጋለሁ ይላል። ቅዳሜ ለገበያ ከገዘር ወይም ከቀይ አፈር ፍየሉን እየነዳ የመጣ ዘመዴ የሚያድርበት ጓሮ እፈልጋለሁ ይላል። ዘንድሮ አንድ ክፍል ልሥራ፣ ቡናው ሲሸጥ ሁለተኛውን ልጨምር ይላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል አይጨመርም። የሀገራችን ሰው ቤቱን የሚሠራው ቀስ በቀስ፣ በእንጨትና በጭቃ ጀምሮ ነው፤ ባንክ ከሚያበድረው ይልቅ ይህ ልማድ ብዙ ሰው አስጠልሏል።

ጂንካ ዛሬ የድሮዋ ጂንካ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲ ገባላት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ ከተማይቱም ከክልሉ ማዕከሎች አንዷ ተባለች። ቢሮ ሲበዛ ቤት ፈላጊ ይበዛል፤ ኪራይም ይወደዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ከእናንተ መካከል በጽሑፍ የተዋዋለ ስንት ሰው አለ?

በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው ሹማምንት «መሃል ከተማው በፎቅ ይለማ» የሚሉት። ሲሚንቶው ከሙገር፣ ከደርባ፣ ከለሚ ተጭኖ ከአዲስ አበባ ወዲህ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይመጣል። የመኪናው ኪራይ በፎቁ ዋጋ ላይ ያርፋል፤ ፎቁም ለከተማው ነዋሪ ሳይሆን እንደ አዲስ አበባው ገንዘብ ማስቀመጥ ለፈለገ ሰው ይሆናል። በጭቃ ቤቷ ጠላ ሸጣ ልጅ ያስተማረችው እናት ግን ከተማ ዳር ትጣላለች። በዳሰነች ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኦሞ ወንዝና የቱርካና ሐይቅ ሙላት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ከመንደራቸው አፈናቅሏል። ለእነርሱ የቤት ጥያቄ ማለት የላስቲክ መጠለያ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ እኛ ፎቅ እንገነባላችኋለን ብለን ቃል አንገባም። ድምፃችሁን ብትሰጡን የምንሠራው ሌላ ነው። መንገድ፣ ውኃና መብራት የገባለት አነስተኛ ቦታ በቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ለተደራጀ መምህር፣ ነርስ፣ ሸማኔና ነጋዴ እንዲሰጥ እናደርጋለን። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለራስ አገዝ ቤት ሠሪዎች ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ የጠፋው ፈቃደኛ ሹም ነው። መሃል ከተማ ሲነካ ነባሩ ነዋሪ ካሣውንና ምትኩን ቦታ በእጁ ሳይቀበል ግድግዳው አይፈርስም። ለስንት ዓመት ከብት ሲግጥበት የኖረው የጥንቱ ሣር ለበስ የአውሮፕላን ሜዳም ሆነ ሌላ ክፍት ቦታ ለማን፣ በስንት፣ ለምን እንደሚሰጥ በአደባባይ ይለጠፋል። ለዳሰነች ተፈናቃዮች ከሙላቱ ከፍ ባለ መሬት ላይ ቋሚ መንደር ይሠራል፤ ቦታውን የሚመርጡትም ወንዙን የሚያውቁት የዳሰነች ሽማግሌዎች ይሆናሉ።

ሌሎች ተወዳዳሪዎች የቀበሌ አዳራሽ መጥተው ባለ አምስት ፎቅ ሥዕል ሲያሳዩአችሁ ሁለት ነገር ጠይቁልን፦ አንዱ ክፍል ስንት ብር ነው? አሁን እዚያ ቦታ ላይ የሚኖረው ሰውስ የት ይሄዳል?