«ቀኑ ደርሶ ነው»

ባለፈው ወር ከመምህራችን ጋራ በመሠራት ላይ ያለ አንድ ፎቅ ልንጎበኝ ሄደን ነበር። በሩ ላይ ለእያንዳንዳችን ቢጫ ሄልሜት ታደለን። ከፎቁ ሥር አሸዋ በባሬላ የሚያመላልሱት ሴቶች ግን በራሳቸው ላይ የነበረው ሻሽ ብቻ ነው። ለአንድ ሰዓት የመጣነው ተጠበቅን፤ ከንጋት እስከ ማታ እዚያው የሚውሉት ተተዉ። ስንወጣ ሄልሜቱን ቈጥረው ተቀበሉንና መጋዘን ከተቱት።

ፎርማኑን ስለ ምን እንደዚህ ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ቀኑ የደረሰ ሰው በሄልሜት አይድንም» አሉኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔን ያስቈጣኝ የሰውዬው መልስ ሳይሆን የእኛ ሳቅ ነው።

ፊዚክስ የተማርን ሰዎች አይደለንምን? ከ20 ሜትር ከፍታ ያመለጠ መዶሻ በ2 ሰከንድ ያህል መሬት ይደርሳል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሚያደርገው የመሬት ስበት እንጂ ዕድል አይደለም። እርግጥ ፎርማኑ በአንድ ነገር እውነት አላቸው፦ ከዚያ ከፍታ ብሎኬት ከመጣ ሄልሜትም ብዙ አይረዳም። ስለዚህ ዋናው ነገር ዕቃው እንዳይወድቅ ማድረግ ነው። በመወጣጫው ርብራብ ጠርዝ ላይ በቁሙ የሚመታ ጣውላ፣ ከበታቹ የሚዘረጋ መረብ፣ መሣሪያውን የሚያስር ገመድ፣ ላይ ሲሠራ ታች ሰው እንዳያልፍ የሚከለክል አጥር፤ ይኸው ነው። በዚያ ሁሉ የባሕር ዛፍ አጠና መካከል አንዲት የጠርዝ ጣውላ አላየሁም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያዛል። ይኸው አዋጅ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። ነገር ግን ስሟ በፎርማኑ ደብተር ላይ በእርሳስ የተጻፈ የቀን ሠራተኛ በየትኛው ማስረጃ ትከሳለች? እርሳስ በላጲስ ይጠፋል።

የምሕንድስና ተማሪዎች ሆይ! ከጥቂት ዓመት በኋላ በዚያ መወጣጫ ሥር ቆመን የምንፈርመው እኛው ነን። የምሰሶውን ጭነት እስከ መጨረሻው ቍጥር እናሰላለን፤ የጣውላዋን ዋጋ ግን በሒሳባችን ውስጥ ማን አስገብቶ ያውቃል? መምህራኖቻችንስ በፈተና ላይ ጠይቃችሁን ታውቃላችሁ?

ለሚመጣው ጉብኝት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሄልሜቱን በሩ ላይ አንቀበል፤ «መጀመሪያ ባሬላ ለያዙት ይሰጥ» እንበል። ምናልባት አያስገቡንም ይሆናል። አያስገቡን!