የእናቴን መሶብ በስልክ ላጫርት?

ሰሞኑን እዚሁ ባሕር ዳር ከምትኖር አንዲት እህታችን ደብዳቤ ደርሶኛል። ስሟን ትተን ጭንቀቷን እንስማ።

«አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ከዋልኩ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቴ ስንደዶና አክርማ እየገዛች መሶብና ሰፌድ ትሰፋለች። ቅዳሜ ገበያ ትወጣና ነጋዴ በቆረጠላት ዋጋ ሸጣ ትመለሳለች። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ‹ኢቤይ በሚባለው ጨረታ ሽጪ፣ ከቤትሽ ሳትወጪ ሀብታም ትሆኛለሽ› ትለኛለች። እናቴ ከዕቁቧ 6,000 ብር ልትሰጠኝ ነው። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ እኔም ከአስራ ሁለተኛ በኋላ ቤት የዋልኩ ነኝና ስሜትሽ ይገባኛል። ኢቤይ ውሸት አይደለም። ፒየር ኦሚድያር የተባለ ሰው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። ገዢው መበላሸቱን እያወቀ ነው የገዛው። መሶብ ግን ቦታ ይይዛል፤ አሜሪካ ድረስ ሲላክ ማጓጓዣው ትርፍሽን ይበላዋል። እዚያ የሚሞከር ካለ ለጥቅል የሚመች ትንሽ ዕቃ ነው፣ ለምሳሌ ጣና ዳር ከደንገል የሚሠራው ትንሽዬ ታንኳ። እሱንም የአክስትሽ ልጅ እዚያው ሆና ትሽጠው።

አንቺ ከአገር ቤት ጀምሪ። ቴሌግራም ላይ ቻናል ክፈቺ፣ መሶቡን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺ፣ ቁመትና ስፋቱን ጻፊ። እንከን ካለው ደብቀሽ አትሽጪ። መነሻ ዋጋው የአክርማውን፣ የቀለሙንና የእናትሽን ድካም ይሸፍን። መዝጊያ ሰዓት ቁረጪ፤ «ማታ 3 ሰዓት» ካልሽ 3 ሰዓት ይሁን። ጓደኛሽን አስገብተሽ በውሸት ዋጋ አታስወጪ፤ አንዴ ከተነቃብሽ ማንም አይመለስልሽም።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። የጎረቤቴን ነጠላ ለአንድ የአዲስ አበባ ሰው ሸጥኩ። የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ ላከልኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነጠላውን በአውቶብስ ሰደድኩለት። ማታ ሒሳቤን ባየው ምንም የለም! ደረሰኙ ተቀናብሮ የተሠራ ነበር። የሰው ዕቃ ነውና ዕዳውን ሦስት ወር ከፈልኩ። እትዬ ዛሬም ሰላም ትለኛለች፤ ዕቃ ግን አትሰጠኝም። ስለዚህ ፎቶም መልእክትም አትመኚ። በቴሌብር ከሆነ *127# ደውለሽ ሒሳብሽን ራስሽ እዪ፣ ከዚያ ላኪ።

ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ምን እንዳየን አንቺም ታውቂዋለሽ። የደንበኞችሽን ስልክ ደብተር ላይ ጻፊ። መረቡ ቢጠፋ በድምፅ ትደውያለሽ። ቅዳሜ ገበያንም አትተዉት።

የዕቁቡስ ብር? ዕቃው በእጃችሁ እያለ 6,000 ብር ምን ያደርግልሻል? ለካርድና ለማሸጊያ ጥቂት ወስደሽ የቀረውን እናትሽ አክርማ ትግዛበት። የተሸጠበትንም ዋጋ ሳትደብቂ ንገሪያት፤ ጣቷ የሚወጋው የእሷ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።