ከጋቢው ባሻገር፤ የኮልፌ አረጋውያንና የሰፈር ታሪክ

በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ዓለም ይህን ያወቀው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1994 ከታተመው ግለ ታሪካቸው ነው። መጽሐፉ ካምፑን ከውስጥ ያሳያል፤ አሠልጣኞቹን፣ የተኩስ ልምምዱንና አድካሚውን የእግር ጉዞ ይተርካል። ከአጥሩ ውጭ የነበረው ሰፈር ምን እንዳየና ከካምፑ ጋር እንዴት እንደኖረ መተረክ ግን የመጽሐፉ ዓላማ አልነበረም። ይህን ሊናገሩ የሚችሉት በዚያ ዘመን ልጆችና ወጣቶች የነበሩ፣ ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት የተሻገሩ ነዋሪዎች ናቸው።

አረጋውያንን ማክበር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በዕድር ስብሰባ ወንበር ይለቀቅላቸዋል፤ በክብረ በዓል ጋቢ ይደረብላቸዋል፤ ምርቃታቸው በጉጉት ይጠበቃል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳለፈው ውሳኔ ኦክቶበር 1 የአረጋውያን ቀን ሆኖ እንዲከበር አድርጓል። ሁሉም መልካም ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሥርዓቶች አረጋውያን ይመርቃሉ እንጂ አይጠየቁም። ጋቢው ትከሻን ያሞቃል፤ የሚያውቁት ነገር ግን አብሯቸው ይቀበራል። ስለዚህ የአክብሮት ሙሉ ትርጉም ማዳመጥን፣ መመዝገብንና የተመዘገበውን ለባለቤቱ መመለስን ሊጨምር ይገባል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ የአረጋውያን ትዝታ አይታመንም የሚለው ነው። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ችግሩ ግን የቃል ምንጭ ብቻ አይደለም። ማንዴላ በመጽሐፋቸው ለስድስት ወራት ታቅዶ የነበረው ሥልጠና ከስምንት ሳምንት በኋላ እንደተቋረጠ ይጽፋሉ። ነገር ግን እስከ ሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ድረስ ለንደን ነበሩ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው የተያዙትም ሐምሌ 29 ቀን ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሁሉ ቢደመር እንኳ ስምንት ሳምንት አይሞላም። የታተመ መጽሐፍም በትዝታ ላይ ከቆመ መመርመር አለበት ማለት ነው። ጣሊያናዊው ተመራማሪ አሌሳንድሮ ፖርቴሊ ደግሞ የቴርኒ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1949 የተገደለ ባልደረባቸውን ሞት በ1953 ከደረሰው የሥራ ቅነሳ ጋር አያይዘው እንደሚተርኩ አሳይቷል። ዘመኑ ተሳስቷል፤ ስሕተቱ ግን ማኅበረሰቡ ለዚያ ሞት የሰጠውን ትርጉም ገልጧል። እንግዲህ የትዝታ ጉድለት የሚጠይቀው ማመሳከርን እንጂ ዝምታን አይደለም።

ዝምታው ራሱም ታሪክ አለው። በኮልፌ ለማንዴላ ትምህርት ከሰጡት መካከል ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ይገኙበታል። እኚህ ሰው በኋላ በጄኔራልነት ማዕረግ ሳሉ በሜጫና ቱለማ ማኅበር ምክንያት ታሰሩ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በደርግ ተገደሉ። እንዲህ ያለ ስም ለረጅም ዘመን በአደባባይ በነፃነት አይነሣም። በፍርሃት የታፈነ ትዝታ መነገር የሚጀምረው ተናጋሪው ሲተማመን ነው፤ መተማመን ደግሞ በአንድ ቀን መጠይቅ አይገኝም።

ጊዜው ግን አጭር ነው። ከተማው በፍጥነት እየታደሰ ጎረቤት ከጎረቤት ይለያያል። ሰፈር ሲበተን ቤቱ ብቻ አይፈርስም፤ አንዱ የረሳውን ሌላው የሚያስታውስበት ጉባኤም አብሮ ይፈርሳል። የአባላትን ስም፣ መዋጮና የሐዘን ክፍያ የያዘው የዕድር መዝገብም ጠባቂ ያጣል፤ የቃሉን ምስክርነት የሚያመሳክረው ግን ይኸው መዝገብ ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ በዚህ ረገድ ከወቀሳ ነፃ አይደለም። ለመመረቂያ ጽሑፍ የተቀዳ የአረጋዊ ድምፅ ብዙ ጊዜ በተማሪው ስልክ ውስጥ ይቀራል፤ ጽሑፉም ተናጋሪው በማያነበው ቋንቋ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀችው የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነት ማኅበረሰቡ በጥበቃው እንዲሳተፍ ይጠይቃል። ይህን በተግባር ለመግለጥ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። በሰው ትዝታ ላይ የተመሠረተ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ሦስት ግዴታዎች ይኑሩት። አንደኛ፣ የድምፅ ቅጂው ከቀኑ፣ ከቦታውና ከተናጋሪው ፈቃድ ጋር በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ስማቸው ይገለጥ ወይም ይሰወር የሚለውን የሚወስኑት አረጋውያኑ ራሳቸው ይሁኑ። ሦስተኛ፣ አጭር ቅጂ በአማርኛም ሆነ በጉራጊኛ፣ በስልጥኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በጋሞኛ ተዘጋጅቶ ለሰፈሩ ዕድር ይሰጥ።

ኮልፌ በዓለም የታወቀ አንድ ገጽ አላት፤ ያንንም የጻፉላት እንግዳ ናቸው። ቀሪውን ገጽ የሚያውቁት በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ከሚደረብላቸው ጋቢ የማያንስ ክብር ነው።