ሻንጣው ከታሰረ በኋላ የሚወጣ ሕግ

መቼም "የመርከብ ሽርሽር" ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ፊልም ላይ ያየነው ነው፤ መዋኛ ገንዳ፣ ነጭ የለበሱ አስተናጋጆች፣ ገንዘባቸውን የት እንደሚያደርሱት የጨነቃቸው ጡረተኞች። እኔም እስከ 2019 ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው። (የአሜሪካንና የኩባን ነገር በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የሀገራችንን ደግሞ "ዓ.ም." እያልኩ በራሳችን አስቀምጣለሁ፤ እንዳትደናገሩ።) በዚያ ዓመት ሜሪላንድ የሚኖሩት አጎቴ ከማያሚ ተነስታ ሐቫና ለምትደርስ መርከብ ቲኬት ቆረጡ። አጎቴ ሀብታምም ጡረተኛም አይደሉም። ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ፣ ማታ ታክሲ ይነዳሉ።

ታዲያ ምን ቆርጧቸው ነው መርከብ ላይ የሚወጡት?

ነገሩ ወዲህ ነው። አባታቸው በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ጅጅጋ አካባቢ ወደቁ። በ1971 ዓ.ም. አጎቴ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ካጡ ሌሎች ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተላኩ። ያረፉት "የወጣቶች ደሴት" በምትባለው ቦታ ነው። የኢትዮጵያ፣ የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያ ልጆች በየአዳሪ ትምህርት ቤቱ ሆነው ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ይሠራሉ። አጎቴ ስምንት ዓመት እዚያ ኖረው ነው ወደ ሀገራቸው የተመለሱት፤ ኋላም በዲቪ አሜሪካ ገቡ። እስከ ዛሬ ሲቆጡ በስፓኒሽ ነው።

ኩባ የደርግ ወዳጅ ነበረች፤ አውቃለሁ፣ ስለዚያ የሚከራከር ካለ ሌላ ቀን እንከራከራለን። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ባለው የትግላችን ሐውልት የኩባውያኑን ምስል እያየ የሚኮራም የሚበሳጭም አለ። የ12 ዓመት ልጅ ግን ፖለቲካ መርጦ አልሄደም። አጎቴ ሊያዩ የፈለጉት የካስትሮን ሀገር ሳይሆን የሒሳብ አስተማሪያቸውን ነው። መምህርቷ በ2019 ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። መርከቧ ሐቫና ላይ አንድ ሌሊት ስለምታድር መምህርቷ ከደሴቲቱ በጀልባ ተሻግረው፣ በአውቶቡስ ሐቫና ገብተው ወደቡ በር ላይ ሊጠብቋቸው ተቃጠሩ። ከአሜሪካ እንዲመጣላቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የንባብ መነጽር።

"በአውሮፕላን አይሄዱም ነበር?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይቻል ነበር። ሆኖም ያገኙት ዕረፍት አምስት ቀን ነው። የአሜሪካ ባንክ ካርድ ኩባ ውስጥ አይሠራም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈቃድ የሚሉት ጣጣ አለ። አሜሪካዊ ለቱሪስትነት ኩባ መሄድ በሕግ ክልክል ነው። የሚፈቀዱት 12 የጉዞ ዓይነቶች ናቸው፤ ሂያጁ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ራሱ መርጦ ማስረጃውን ለዓመታት ማስቀመጥ አለበት። በ2019 በመርከብ የሚሄድ ግን "ከሕዝብ ለሕዝብ" በሚባለው የቡድን ትምህርታዊ ጉዞ ስም ይሄድ ነበር፤ ወረቀቱን መርከብ ድርጅቱ ይጨርስለት ነበር። በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ ሲለምኑ የኖሩ ሰዎች ልጅ ነኝና፣ አጎቴ "የመንግሥት ወረቀት እኔ አልሞላም፣ እነሱ ይሙሉልኝ" ሲሉ ገብቶኛል።

የተፈቀደ ነበር

ልብ በሉ፣ አጎቴ ሕግ አልጣሱም። ኦባማ ከኩባ ጋር መታረቅን ያወጁት ዲሴምበር 17 ቀን 2014 ነው። ሜይ 2 ቀን 2016 አዶኒያ የተባለችው መርከብ 700 ያህል መንገደኞች ይዛ ከማያሚ ሐቫና ገባች፤ ወደ 40 ዓመት ገደማ ሲቀር የመጀመሪያዋ ነበረች። እሷም ብትሆን ያለ ችግር አልሄደችም። ኩባ የተወለደ ሰው በባሕር ወደ ሀገሩ እንዳይገባ የሚከለክል የኩባ ሕግ ስለነበረ ማያሚ ያሉ ኩባውያን ጮኹ፣ ፍርድ ቤትም ሄዱ። የሐቫና መንግሥት ክልከላውን ያነሳው መርከቧ ልትነሳ ቀናት ሲቀሯት ነው። እንግዲህ ይህ ጉዞ ከጅምሩ በሁለት መንግሥታት ፊት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ከዚያ ትራምፕ መጡ። ጁን 16 ቀን 2017 ማያሚ ላይ የኦባማን ፖሊሲ እንደሚቀይሩ ተናገሩ፤ ለብቻ የሚደረገው የ"ሕዝብ ለሕዝብ" ጉዞ ቀረ። የቡድኑ ግን ቀጠለ፣ መርከቦቹም ቀጠሉ። እንዲያውም ከዚያን ቀን በፊት ትኬት ወይም ሆቴል የከፈለ ሰው ጉዞውን እንዲጨርስ ተፈቀደለት። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ኤፕሪል 17 ቀን 2019 የዋይት ሐውስ የደኅንነት አማካሪ የነበሩት ጆን ቦልተን ቤተሰብ ለመጠየቅ ካልሆነ በቀር ወደ ኩባ የሚደረገው ጉዞ እንደሚጠብቅ ተናገሩ። መቼ? አልተባለም። የትኛው ጉዞ? አልተባለም። መርከቦቹም ይገቡበት ይሆን? ማንም አያውቅም። አጎቴ ወደ መርከብ ድርጅቱ ደወሉ። የተሰጣቸው መልስ "እስካሁን የተቀየረ ነገር የለም" የሚል ነው። እውነት ነው፣ አልተቀየረም ነበር። የቀረውን ገንዘብ ከፈሉ፣ የዋሽንግተን–ማያሚ አውሮፕላን ትኬትም ቆረጡ፤ ርካሹን፣ የማይመለሰውን።

አንድ ቀን

ጁን 4 ቀን 2019 አዲሱ ሕግ ታወጀ። ሥራ ላይ የዋለው በማግስቱ ጁን 5 ነው። አንድ ቀን!

የመርከብ ድርጅቶቹ ማኅበር እንዳለው ሕጉ የነካው 800,000 ገደማ የሚሆን የመንገደኛ ምዝገባ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ጉዞ የጀመሩም ነበሩ። ከወደብ ሲነሱ "ሐቫና" የተባሉ ሰዎች ባሕር ላይ ሳሉ ሌላ ቦታ እንደሚወሰዱ ተነገራቸው።

የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። በዚያ ቀን ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሁለት ሕግ አወጡ። የገንዘብ ሚኒስቴሩ የቡድን ትምህርታዊ ጉዞውን ከለከለ፤ ነገር ግን ከጁን 5 በፊት ለጉዞው አንድም ክፍያ የፈጸመ ሰው መሄድ ይችላል አለ። አጎቴ ከፍለዋል፤ ስለዚህ ይችላሉ። የንግድ ሚኒስቴሩ ደግሞ መርከቦች መንገደኛ ይዘው ወደ ኩባ የሚሄዱበትን ፈቃድ አነሳ፤ ለከፈለ ሰው ያስቀመጠው ቀዳዳ የለም። ሲጠቃለል፣ ሰውዬው እንዲሄዱ ተፈቅዷል፣ መርከቧ ግን እንዳትሄድ ተከልክላለች። በሩ ክፍት ነው፣ ደረጃው ተነስቷል እንደማለት ነው።

አጎቴ ማታ ደውለው "የኔ ልጅ፣ እስቲ አንተ አንብበው፤ እኔ ሳነበው ይፈቅዳልም ይከለክላልም" አሉኝ። አነበብኩት። በትክክል ነው ያነበቡት።

መንግሥት ፖሊሲ አይቀይር ነው የምትለው?

አይደለም። ተመርጦ የመጣ መንግሥት የውጭ ፖሊሲውን የመቀየር ሥልጣን አለው። ምክንያቱንም ተናግሯል፤ ኩባ በቬኔዙዌላ የማዱሮን መንግሥት ትደግፋለች፣ ከቱሪስት የሚገኘው ዶላርም ለኩባ ጦርና መንግሥት ነው የሚገባው ብሏል። በምክንያቱ መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል። እኔ የምለው ጠባብ ነገር ነው፤ በትናንቱ ሕግ አምኖ የከፈለ ሰው በዛሬው ሕግ አይቀጣ።

"ጊዜ ቢሰጥ ሁሉም ተሯሩጦ ይመዘገብ ነበር፤ ዶላሩም ይጎርፍ ነበር" የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ጥሩ ነጥብ ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው፦ ለአዲስ ተመዝጋቢ ዝጉ፣ ቀድሞ የከፈለውን አሳልፉ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ያው መንግሥት ራሱ በ2017 አድርጎታል፤ በ2019ም የገንዘብ ሚኒስቴሩ በዚያው ቀን፣ ለዚያው ጉዞ አድርጎታል። እንዴት እንደሚደረግ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ለመርከብ መንገደኛ ሳይደረግ የቀረው ስለማይቻል ሳይሆን ስላልተፈለገ ነው።

ደግሞ "የሽርሽር ነገር ነው፣ ምን ይከበዳል?" አትበሉኝ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የእኛው መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ ሀገር መሄድን በድንገት ሲያግድ የነበረውን እናስታውስ። ምክንያቱ ዜጎችን ከበደል ማዳን ነበር፤ ማንም የሚጠላው ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ለደላላ ከፍላ፣ ፓስፖርቷን አውጥታ፣ ፓስፖርት ለማውጣት የተበደረችውን ገና ያልመለሰች ልጅ ዕዳዋን ታቅፋ ቀረች። የመርከቡና የእሷ ጉዳይ በክብደት አይወዳደርም። አሠራሩ ግን አንድ ነው፤ ሕጉ ሲወጣ መንገድ ላይ ያለውን ሰው የሚያስብለት የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከአጎቴ ጉዞ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ ነገ የእናንተም ተራ ነውና።

አንደኛ፣ ባለሥልጣን "ሊጠብቅ ይችላል" ካለ፣ ጠብቋል ብላችሁ ዕቅድ አውጡ። ከቦልተን ንግግር እስከ ክልከላው 48 ቀን ነበር። አጎቴ በእነዚያ ቀናት ገንዘብ ጨመሩ እንጂ አልቀነሱም። "እስካሁን የተቀየረ የለም" የሚለው መልስ ስለ ነገ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። የመርከብ ድርጅቶች አንድን ወደብ ዘለው ወደ ሌላ ለመሄድ መብት የሚሰጣቸውን አንቀጽ ውላቸው ውስጥ ማስገባታቸው የተለመደ ነው። የተለመደው የጉዞ ኢንሹራንስም መንግሥት ሕግ ቀየረ ተብሎ በአብዛኛው አይከፍልም። "በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ" የሚባለው ዓይነት አለ፤ ዋጋው ወደድ ይላል፣ የሚመልሰውም ከፊሉን ነው።

ሦስተኛ፣ አውሮፕላኑንና ሆቴሉን ለብቻ ከገዛችሁ የሚመለስ ትኬት ግዙ። ለአጎቴ መርከብ ድርጅቱ ሙሉ ገንዘባቸውን መለሰ፤ የአውሮፕላኑ ግን ውኃ በላው።

አራተኛ፣ ይህ በተለይ አውሮፓ ላላችሁ ነው። የስዊድን ወይም የጀርመን ፓስፖርት ይዛችሁ ያለ ቪዛ አሜሪካ መግባት የለመዳችሁ፣ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ወዲህ ኩባን ከረገጣችሁ ያ ቀላል መንገድ ይዘጋባችኋል፤ ዋሽንግተን ያለች እህታችሁን ለማየት ኤምባሲ ቀርባችሁ ቪዛ መጠየቅ ሊኖርባችሁ ነው። ምክንያቱ አሜሪካ በዚያን ቀን ኩባን ሽብርን ይደግፋሉ በምትላቸው ሀገሮች መዝገብ ላይ መመለሷ ነው። ባይደን ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ከመዝገቡ እንደሚያስወጧት አስታወቁ፤ ትራምፕ በስድስተኛው ቀን ሻሩት። በስድስት ቀን ምን ዓይነት ዕቅድ ይታቀዳል?

መነጽሩ

አጎቴ የክልከላው ዜና በተሰማ ሰሞን ወደ ደሴቲቱ ደወሉ። መምህርቷ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። "ልጄ፣ እኛ ለምደነዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ትመጣለህ" ነበር ያሏቸው።

የሚቀጥለው ዓመት 2020 ነበር። በፌብሩዋሪ አንድ ኩባዊ የሥራ ባልደረባቸው ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲሄድ መነጽሩንና ሁለት ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና ላኩለት። በማርች ኮሮና መጣ፤ የአሜሪካ መንግሥት ማርች 14 የሽርሽር መርከቦች ጉዞ ላይ እገዳ ጣለ፣ ኩባም በሯን ዘጋች። መምህርቷ በ2021 አረፉ። በ2022 የባይደን አስተዳደር የቡድን ጉዞውን መልሶ ሲፈቅድ የመርከቦቹን ፈቃድ አልመለሰም፤ ቢመልስም ለአጎቴ ዘግይቷል።

ወረርሽኙን ማንም አያዝበትም፤ እሱ ለማንም አላማከረም። የ2019ኙን ግን ሰዎች ቢሮ ተቀምጠው፣ ቀን መርጠው፣ ፈርመው ያወጡት ነው። ያቺ መርከብ የምትነሳው ሕጉ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ለከፈሉት ሰዎች የአንድ ወር ጊዜ ቢሰጣቸው የአሜሪካ ፖሊሲ የሚጎድልበት ነገር አልነበረም። አንዲት አሮጊት አስተማሪና አንድ ተማሪያቸው ግን ወደብ በር ላይ ይገናኙ ነበር።

አጎቴን በቅርቡ "አሁን ፈቃዱ ቢገኝ ይሄዳሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና "መጀመሪያ ይፍቀዱ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ይቆይ፣ ከዚያ እናያለን" አሉኝ።