ድግምትም ሚዛን ይሻል

በሳይንስ መጽሔት ገጽ ላይ ስለ ድግምት መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊመስል ይችላል። እዚህ የምናነሳው ድግምት ግን በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ በሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ውስጥ ያለውን ነው። ከዚህ ዓይነት ጨዋታዎች መካከል ስመ ጥሩ የሆነው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲሆን፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1974 ለኅትመት በቅቷል። ከተጫዋቾቹ አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ጭራቆቹንም ያንቀሳቅሳል። የቀሩት ጦረኛ፣ ሌባ ወይም አስማተኛ ሆነው ይጓዛሉ። የአንድ ድርጊት ውጤት አጠራጣሪ በሚሆንበት ጊዜ ዳይስ ይጣላል።

የገበጣ ሕግ ከአካባቢ አካባቢ እንደሚለያይ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ተጫዋቾች በሕግ ላይ ሕግ መጨመራቸው አዲስ ነገር አይሆንበትም። በዚህ ጨዋታም ብዙዎች የራሳቸውን ድግምት ይፈጥራሉ። ችግሩ የሚመጣው አዲሱ ድግምት ከልክ በላይ ሲበረታ ነው። አስማተኛው በአንድ ቃል ውጊያውን ይጨርሰዋል፤ አብሮ ለመጫወት የመጣው ጦረኛ ጓደኛው ደግሞ ምሽቱን ሙሉ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሚዛን ጉዳይ የቁጥር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በጠረጴዛው ዙሪያ ለተቀመጡት ሁሉ ድርሻቸውን የማዳረስ ጉዳይ ነው። በእኛ አመለካከት፣ አዲስ ድግምት በዳይሶቹ ብዛት ብቻ መመዘኑ በቂ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ከአምስተኛው እትም አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «ፋየርቦል» ወይም የእሳት ኳስ የሦስተኛ ደረጃ ድግምት ነው። ሬዲየሱ 20 ጫማ በሆነ ክብ ውስጥ የተገኘውን ሁሉ ባለ ስድስት ገጽ 8 ዳይሶች የሚያሳዩትን ድምር ያህል ይጎዳል። የማምለጫ ውርወራው የተሳካለት ጉዳቱ በግማሽ ይቀነስለታል። የአንድ ዳይስ አማካይ ውጤት 3.5 ስለሆነ የ8ቱ አማካይ 28 ነው። በዚያው ዓመት የታተመው የጨዋታ መሪዎች መጽሐፍ አዲስ ድግምት ለሚፈጥሩ ሰዎች ባቀረበው ሠንጠረዥ ላይ ግን፣ ብዙዎችን በአንድ ጊዜ ለሚመታ የሦስተኛ ደረጃ ድግምት የተመደበው 6 ዳይስ ብቻ ነው፤ አማካዩም 21 ነው። እንግዲህ ዝነኛው ድግምት ከራሱ የጨዋታው መለኪያ በሲሶ ይበልጣል ማለት ነው። አዲሱን ድግምት ከእሳት ኳስ ጋር ብቻ የሚያወዳድር ሰው ከልኩ በከበደ የሚዛን ድንጋይ እንደሚመዝን ነጋዴ ይሆናል። በቤተ ሙከራ መሣሪያን በአንድ አጠራጣሪ መስፈሪያ ብቻ እንደማናስተካክል ሁሉ፣ እዚህም የእኩያ ደረጃ ድግምቶችን በርከት አድርጎ ማወዳደር ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ጉዳት የማያደርሱ፣ ጠላትን የሚያስሩ ድግምቶች መለኪያ ነው። «ሆልድ ፐርሰን» የተባለው የሁለተኛ ደረጃ ድግምት ሰው መሰል ፍጡርን ቢበዛ ለአንድ ደቂቃ ያደርቃል። አንድ ዙር 6 ሰከንድ ስለሆነ ይህ 10 ዙር ነው። የታሰረው በየተራው ማብቂያ ላይ እንደገና የማምለጫ ውርወራ ይጥላል። ውርወራው የማይሳካለት ዕድል 0.6 ነው ብንል፣ የመጀመሪያ ተራውን የማጣት ዕድሉ 0.6፣ ሁለተኛውን 0.36፣ ሦስተኛውን 0.216 እያለ ይቀንሳል። እስከ አሥረኛው ዙር ሲደመር፣ የሚያጣው ተራ በአማካይ 1.5 ያህል ነው። ፈጣሪው «በየተራው ማብቂያ ላይ» የሚለውን አንቀጽ ረስቶ ቢተወውና አንድ ውርወራ ብቻ ቢፈቅድ ግን፣ አማካዩ 10 ጊዜ 0.6፣ ማለትም 6 ተራ ይሆናል። አንዲት ሐረግ በመጉደሏ ድግምቱ አራት እጥፍ በረታ! ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ሌላም የተሰወረ ነገር አለ። ውርወራው የማይሳካበት ዕድል ከ0.8 ወደ 0.9 ከፍ አለ እንበል። በእሳት ኳስ የሚደርሰው አማካይ ጉዳት ከ25.2 ወደ 26.6 ብቻ ያድጋል፤ ጭማሪው 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። በአሳሪው ድግምት የሚጠፋው ተራ ግን ከ3.6 ገደማ ወደ 5.9 ገደማ ይዘላል፤ ይህም ከ60 በመቶ በላይ ነው። የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን ተከታታይ ድምር በሰንሰለታዊ የኑክሌር ሂደት ጥናት ላይ ያገኙታል። የማባዣው ቁጥር ወደ 1 በተጠጋ መጠን፣ ጥቂት ለውጥ ድምሩን እጅግ ያሳድገዋል። ስለዚህ የጠላትን ውርወራ የሚያዳክም አዲስ ድግምት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ቢመስልም፣ ከአሳሪ ድግምት ጋር ሲጣመር ሌላ ኃይል ይሆናል።

«ጨዋታ የምናብ እንጂ የሂሳብ ጉዳይ አይደለም፤ ከበዛም መሪው ያስተካክለዋል» የሚሉ አሉ። አማካይ ቁጥር ደስታን እንደማይለካ እኛም እንስማማለን። ደካማ ሆኖም ታሪኩን የሚያሳምር ድግምት አለ፤ ሂሳቡ የተስተካከለ ሆኖም የሚያሰለች አለ። ይሁን እንጂ ለተጫዋች አንዴ የተሰጠውን ኃይል በጨዋታው መካከል መንጠቅ ቅሬታ ያስከትላል። ቀድሞ ማስላት የሚጠይቀው ግን አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። ስሌቱም የድግምቱን ዋጋ ማካተት ይገባዋል። ለምሳሌ አምስተኛ ደረጃ የደረሰ አስማተኛ ያለው የሦስተኛ ደረጃ ድግምት ዕድል ሁለት ብቻ ነው፤ የሐሳብ ትኩረት ከሚጠይቁት ድግምቶች ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ይዞ ሊቆይ አይችልም። አዲሱ ድግምት ይህን ግዴታ ካስቀረ፣ ሌላ ዋጋ ሊከፍልበት ይገባል።

በእኛ እምነት አዲስ ድግምት ወደ ጠረጴዛው ከመቅረቡ በፊት አንቀጾቹ ተሟልተው ይጻፉ፤ ውጤቱም በአንድ ግምት ብቻ ሳይሆን በ0.6፣ በ0.8ና በ0.9 ይሰላ። ፈጣሪው የራሱ ፈጠራ ብቸኛ ዳኛ አይሁን፤ ሌላ ተጫዋች ይሞክረው። ሲፈቀድም ለተወሰኑ ምሽቶች በሙከራ መልክ መሆኑ አስቀድሞ ይነገር። ይህ ሳይንስ ማንኛውንም መላ ምት ከሚያስተናግድበት መንገድ አይለይም። በክፍል ውስጥ የፕሮባቢሊቲን ምዕራፍ ለፈተና ብቻ የሚያነቡ ተማሪዎች፣ አማካይ ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚደብቅ በዚህ ጨዋታ በገዛ እጃቸው ሊፈትሹ ይችላሉ።

በመጨረሻም ቀመር የማይፈልግ አንድ መፈተኛ አለ። ድግምቱን የጨዋታው መሪ ለጠላት አስማተኛ ይስጠው፤ ጠላትም በፈጣሪው ገጸ ባሕርይ ላይ ይጣልበት። ፈጣሪው «ይህስ ልክ አይደለም!» ብሎ ከተነሣ፣ ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ራሱ መስክሯል።